ከተክል የተሠራ ሁሉ አይበሰብስም

ጠዋት የተቀጠፈ ጫት ዕድሜው ቢበዛ ሁለት ቀን ነው። ከዚያ ይጠወልጋል፤ ካቲኖን የሚባለው ዋናው አነቃቂ ንጥረ ነገሩም ኃይሉን ያጣል። አወዳይ ገበያ እንደዚያ የሚጣደፈው፣ ጫት የጫኑ መኪኖችም ወደ ድሬዳዋ እንደዚያ የሚከንፉት ለዚህ ነው። ጫቱን የያዘው ፌስታል ግን አይቸኩልም። ጫቱ ከምሳ በኋላ ተጀምሮ ማታ ላይ ያልቃል። ፌስታሉ ድሬዳዋን አቋርጦ በሚያልፈው በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ውስጥ ከተቀበረ የልጅ ልጆቻችንም ሊያገኙት ይችላሉ።

ዘላቂ ምርት መንደፍ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ ጥሬ ዕቃው ነው። ከነዳጅ ይሁን ወይስ ከተክል? ለእኔ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ዕድሜ ነው። ዕቃው ስንት ጊዜ ያገለግላል? የተሠራበት ነገርስ ስንት ጊዜ ይቆያል? ለአንድ ከሰዓት አገልግሎት መቶ ዓመት የሚቆይ ነገር ከመረጥን ስህተቱ የተሠራው ገና ፋብሪካ ውስጥ ነው። ጎዳና ጠራጊዋ ልታርመው አትችልም።

ጫት በኮባ ቅጠል ሲጠቀለል ይህ ችግር አልነበረም። ኮባው እርጥበት ይዞ ጫቱን ከሙቀት ይከላከላል። ሥራውን ሲጨርስ ፍየል ትበላዋለች፤ ካልበላችውም ይበሰብሳል። የያዘው ነገርና እሱ አብረው ያረጃሉ። ጥሩ የማሸጊያ ንድፍ ማለት ይኼ ነው።

በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ ፌስታልን ከልክሏል። የቀድሞው አዋጅ ቁጥር 513/1999 ያነጣጠረው ውፍረታቸው 0.03 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች በሆኑ ስስ ከረጢቶች ላይ ነበር። አሁን ጥያቄው «በምን እንተካው?» ሆኗል። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲመጣ ደግሞ ገበያ ቶሎ መልስ ያገኛል። «ተፈጥሯዊ»፣ «አረንጓዴ»፣ «ከበቆሎ የተሠራ» የሚሉ ጽሑፎች ይበዛሉ። እነዚህን ቃላት መፍታት ያስፈልጋል።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ላጥራ። በፌስታል ምትክ የሚሰጠው፣ ጨርቅ የሚመስለው ባለ ቀለም ከረጢት በአብዛኛው ጨርቅ አይደለም። ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ፕላስቲክ ማለት ነው። ማረጋገጥ የሚፈልግ ከጫፉ ትንሽ ቆርጦ፣ ውጭ ላይ በጥንቃቄ ክብሪት ይጫርበት። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይሸትና አመድ ይሆናል። ፕላስቲክ ከሆነ ይቀልጣል፤ ሲበርድ ጠንካራ እንክብል ይወጣዋል። ከረጢቱ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ደጋግመው ከያዙት ከስሱ ፌስታል ይሻላል። መጨረሻው ግን ያው የፕላስቲክ መጨረሻ ነው።

የጥጡም ቢሆን ነፃ አይደለም። ጥጥ ማሳ ላይ ብዙ ውኃ ይጠጣል፤ መፍተሉ፣ መሸመኑና ማቅለሙ ኃይል ይበላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የዴንማርክ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ያወጣው ጥናት ይህን ቆጥሮታል። አንድ የጥጥ ከረጢት በአየር ንብረት ላይ ያለው ጫና ከተራ የፕላስቲክ ከረጢት ጋር እንዲመጣጠን ቢያንስ 52 ጊዜ መያዝ አለበት። ቁጥሩ የዴንማርክን ሁኔታ የሚያሳይ ነው፤ የእኛ ሊለያይ ይችላል። መልእክቱ ግን እዚህም ይሠራል። ለስብሰባ ተሰጥቶ ቁም ሣጥን ውስጥ የሚቀር የጥጥ ቦርሳ ለአካባቢ ምንም አልጠቀመም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። «ከተክል የተሠራ» እና «የሚበሰብስ» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ስለ መነሻ ይናገራል፤ ሁለተኛው ስለ መድረሻ። አንዱ ሌላውን አያረጋግጥም።

ብራስኬም የሚባለው የብራዚል ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ፌስታል የሚሠራበትን ፖሊኤትሊን የሚባል ፕላስቲክ ከሸንኮራ አገዳ ያመርታል። የአገዳው ስኳር ይብላላና አልኮል ይሆናል። አልኮሉ ወደ ኤትሊን ጋዝ ይቀየራል። ጋዙ በረጅሙ ሲያያዝ ፕላስቲክ ይወጣዋል። ይህ ፕላስቲክ ከነዳጅ ከሚሠራው ፖሊኤትሊን ጋር በኬሚስትሪ አንድ ነው። ጥቅም አለው፤ አገዳው ሲያድግ ካርቦኑን የሳበው ከአየር ነው፤ በየዓመቱም ይተካል። ግን ደቻቱ ውስጥ ቢወድቅ እንደማንኛውም ፌስታል እዚያው ይቀመጣል። ተቃራኒውም አለ። ፒባት የሚባል ፕላስቲክ በአብዛኛው ከነዳጅ ይሠራል፤ ነገር ግን ትክክለኛ የኮምፖስት (የብስባሽ ማዳበሪያ) ሁኔታ ካገኘ ረቂቅ ተሕዋስያን ይበሉታል።

ሻጩ «ከተክል ነው» ሲል እውነቱን በላብራቶሪ መለየት ይቻላል። በሕይወት ያለ ተክል ከአየር ካርቦን ሲወስድ ካርቦን 14 የሚባለውን ዓይነትም አብሮ ይወስዳል። ይህ ካርቦን በ5,730 ዓመት ግማሹ ይጠፋል። ነዳጅ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዓመታት ከመሬት በታች ስለቆየ በውስጡ ምንም አልቀረውም። ስለዚህ ዕቃው ውስጥ ያለውን ካርቦን 14 በመለካት ከካርቦኑ ስንት በመቶው ከተክል እንደመጣ ይታወቃል። የአርኪዮሎጂ ሰዎች የጥንት ከሰል ዕድሜ የሚያውቁበት ዘዴ ነው። ሲገርም! አስመጪ መሆን የሚያስብ ሰው የዚህን ምርመራ ውጤት ከአምራቹ የመጠየቅ መብት አለው።

ብዙ ጊዜ «ከበቆሎ» ተብሎ የሚመጣው ኩባያና ማንኪያ ፒኤልኤ ነው፤ በሙሉ ስሙ ፖሊላክቲክ አሲድ። የበቆሎ ስታርች ወደ ስኳር ይለወጣል፣ ስኳሩ ተብላልቶ ላክቲክ አሲድ ይሆናል፣ አሲዱ ተያይዞ ፕላስቲክ ይሆናል። ይበሰብሳል የሚባለው እውነት ነው፤ ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። ወደ 58 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ለሳምንታት ሳይቋረጥ፣ ከበቂ እርጥበት፣ ከአየርና ከተሕዋስያን ጋር ይፈልጋል። ይህ የኢንዱስትሪ ኮምፖስት ማለት ነው። በአውሮፓ «ኮምፖስት ይሆናል» የሚለውን ምልክት ለማግኘት የሚጠየቀው መስፈርትም የሚለካው እንዲህ ባለ ሁኔታ ነው። በ12 ሳምንት መሰባበር፣ በ6 ወር ደግሞ 90 በመቶው ካርቦን በተሕዋስያን ተበልቶ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መለወጥ አለበት። ሜዳ ላይ የተጣለ ኩባያ ይህን ሁሉ አያገኝም።

«ድሬ እንኳን ሙቀት አላጣችም» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ግን የድሬ ሙቀት ደረቅ ነው። አሸዋ ውስጥ እርጥበትም ተሕዋስያንም ሲያንሱ ሙቀት ብቻውን አያበሰብስም። ይልቁንም ሌላ ጣጣ ያመጣል። ፒኤልኤ 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል። በሰኔ ፀሐይ መስኮቱ ተዘግቶ የቆመ መኪና ውስጥ ያለ ዕቃ ወደዚያ ሙቀት ሊጠጋ ይችላል። የፈላ ሻይ ደግሞ በቀላሉ ያልፈዋል። አቦ፣ አስቡት እስቲ፤ ሻይ ሲቀዳበት የሚጣመም፣ ሜዳ ላይ ሲጣል ግን የማይበሰብስ ኩባያ! ለቀዝቃዛ አገርና የኮምፖስት ጣቢያ ላለው ከተማ የተነደፈ ነገር ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ላይ እንዲህ ይሆናል። ዕቃው መጥፎ ስለሆነ አይደለም። የተነደፈው ለሌላ ቦታ ነው።

አንድ ዓይነት ደግሞ ጨርሶ አትቀበሉ እላለሁ። ኦክሶ የሚባለው ተራ ፕላስቲክ ነው፤ በፀሐይ ቶሎ እንዲፈረካከስ ቅመም ተጨምሮበታል። ከዓይን ይጠፋል፤ ከመሬት ግን አይጠፋም። ወደ ደቃቅ ቅንጣት ተለውጦ አፈርና ውኃ ውስጥ ይገባል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ አግዶታል። ድሬዳዋና ሐረር ላይ የፍየሎቹን ነገር የሚያውቅ ሰው ይህ ለምን እንደሚያሳስበኝ ይገባዋል። ፍየሎቻችን ገራባ (ተቅሞ የተረፈ ጫት) ፍለጋ ከቤት ቤት ይዞራሉ። ገራባውን ሲበሉ ፌስታሉንም አብረው ይጎርሳሉ። ፕላስቲኩ ጨጓራቸው ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀራል፤ ፍየሏ ሆዷ ሞልቶ ትከሳለች።

እስካሁን ያነሳሁት ጥሬ ዕቃውን ነው። የዲዛይነሩ እውነተኛ ፈተና ያለው ግን ማጣበቂያውና ሽፋኑ ላይ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጥሩ ሐሳብ ይበላሻል።

የወረቀት ኩባያ ውሰዱ። ወረቀቱ ከእንጨት ነው፤ ይበሰብሳል። ነገር ግን ሻዩ እንዳያልፍ ውስጡ በስስ ፕላስቲክ ተለብጧል። ሁለቱን መለየት አስቸጋሪ ስለሆነ ወረቀቱ እንደ ወረቀት፣ ፕላስቲኩም እንደ ፕላስቲክ ተመልሶ አይሠራም። ከአገዳ ወይም ከእንጨት ብናኝ የሚጋገር ሰሌዳም እንዲሁ ነው። ብናኙን የሚያያይዘው ሙጫ በአብዛኛው ዩሪያ ፎርማልዴሃይድ ነው። ስለዚህ ሰሌዳው በክብደት ከአሥር እጅ ዘጠኙ ያህል ተክል ሆኖ ሳለ ለጓሮ ኮምፖስት አይሆንም። ጥቂቷ ሙጫ የብዙውን ተክል ዕጣ ትወስናለች።

አሁን የሐረርን ስፌት እንይ። ጀጎል ውስጥ አንድ የሐረሪ ቤት የገባ ሰው ግድግዳውን የሞሉትን ስፌቶች አይረሳም። አሠራሩን ቀረብ ብለው ሲያዩት ደግሞ የበለጠ ይደንቃል። የሣር ጭብጥ ከውስጥ ይሆናል። ሌላ የተሰነጠቀ ሣር ከላይ ይጠቀለልበታል። የሚጠቀለለው ሣር እንዳይሰበር ውኃ ውስጥ ይነከራል። ሰፊዋ በወስፌ ትበሳለች፣ ሣሩን ታሾልካለች፣ ታጠብቃለች፤ እንደገና ትበሳለች። እያንዳንዱ ዙር ከበታቹ ያለውን ዙር ነክሶ ይይዛል። ሙጫ የለም። ምስማር የለም። ሣር በሣር ተይዟል። ሲደርቅ ይጠነክራል።

ይህ ዕቃ ደረቅ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ርጥብ አፈር ውስጥ ከገባ ግን አፈር ይሆናል። ከታዳሽ ነገር የተሠራ ዕቃ ሁሉ ቶሎ መበስበስ አለበት ማለት እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል። ረጅም መኖርም ዘላቂነት ነው። ሣሩ ከአየር የወሰደውን ካርቦን ይዞ ግድግዳው ላይ ተቀምጧል።

ዛሬ በየገበያው በሰው ሠራሽ ክር የተሰፋ፣ አንዳንዴም ከማዳበሪያ ጆንያ በተሰነጠቀ ፕላስቲክ የተጠቀለለ ስፌት ይታያል። ሰፊዎቹን አልወቅስም። ክሩ በየሱቁ ይገኛል፤ ቀለሙ ደማቅ ነው፤ ሥራው ይፈጥናል። ሣሩን ግን ፍለጋ መሄድ ይጠይቃል። ቢሆንም ሣርና ፕላስቲክ አንድ ላይ ከተሰፉ በኋላ የሚለያያቸው የለም። ሲያረጅ አይበሰብስም፤ ቢቃጠል ጭሱ መርዝ ነው። ለዚህ መፍትሔው ምክር አይደለም። ገዢው በሣር ብቻ ለተሰፋው ልዩነቱን አውቆ ሲከፍል ነው የሚለወጠው።

ፈሳሽ ነገር ሲመጣ ፈተናው ይከብዳል፤ የተክል ቃጫ ውኃ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ይሻግታል። የሶማሌ እናቶች ግን ከተክል ሥር ቃጫ አጥብቀው ሠርተው፣ በጭስ አጥነው ወተት የሚይዝ ዕቃ ያበጃሉ። ፕላስቲክ ሳይኖር ውኃ የማያሳልፍ ነገር መሥራት እንደሚቻል እዚሁ ምሥራቅ ውስጥ ማስረጃ አለን።

እሺ፣ እኛ ጋ ምን አለ? ሐሳብ ሲቀርብ መጀመሪያ የሚጠራው «ተረፈ ምርት» ነው። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የማሽላ አገዳ ቆሻሻ ነው ብሎ የሚጀምር ፕሮጀክት ሐረርጌን አያውቅም። የሐረር ሰንጋ እንደዚያ የሚሰባው በምን ሆነና? ገበሬው ማሽላውን እያሳሳ ይመግባል፤ አገዳውንም ለመኖ፣ ለማገዶ፣ ለአጥርና ለቤት ያውለዋል። ፋብሪካ ቢወስድበት መኖ ሊገዛ ነው። እንጨቱን ሊቆርጥ ነው። ያኔ ዕቃው ታዳሽ ቢሆንም ጉዳቱ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም።

የቡና ገለፈት የተሻለ ዕድል አለው። የሐረር ቡና በፍሬው ሳለ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ ከዚያ ይፈለፈላል። እንዲህ ሲሠራ ለአንድ ኪሎ ቡና ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ገለፈት ይወጣል። በእርግጥ ገለፈቱም ተፈልቶ ይጠጣል፤ ቅጠሉም ቁጢ የሚባለው መጠጥ ይሆናል። ግን መፈልፈያው ዘንድ የሚከመረው ከሚጠጣው በጣም ይበልጣል። ደግሞም ደረቅና አንድ ቦታ የተሰበሰበ ነው። የባቢሌ ለውዝ ቅርፊትም እንደዚሁ። ገራባም ብዙ ነው፤ ግን እርጥብ ነው፣ በየቤቱ ተበትኗል። ጫት ላይ ፀረ ተባይ ስለሚረጭም ከገራባ ምግብ የሚነካ ዕቃ መሥራትን አልመክርም።

ከእነዚህ ወረቀት መሥራት ይቻላል ወይ? ይቻላል። እንጨታማ ተክል ሁሉ ሴሉሎስ፣ ማለትም ወረቀት የሚሠራበት ቃጫ አለው። ተከትክቶ፣ በኮስቲክ ሶዳ ተቀቅሎ፣ ታጥቦ፣ ተደብድቦ በወንፊት ላይ ከተዘረጋ ወረቀት ይሆናል። ችግሩ ውኃው ነው። ሐረር የሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅ ያየችውን ታውቃለች። ውኃ ከቆላው ከድሬዳዋ ወገን ወደ ደጋው በፓምፕ እየተገፋ የሚመጣላት ከተማ ናት። ሶዳ የነካው የወረቀት ማጠቢያ ውኃም ሳይጣራ ሊለቀቅ አይችልም። ስለዚህ ለሐረር የሚያዋጣው በደረቅ የሚሠራ ነገር ነው። ገለፈቱ ይፈጫል፤ ከጥቂት የስታርች ሙጫ ጋር ይታሸል፤ በጋለ ሻጋታ ይጨመቃል። ሙቀቱና ግፊቱ ሲበረታ በተክሉ ውስጥ ያለው፣ እንጨትን የሚያጠነክረው ሊግኒን የሚባል ንጥረ ነገር ራሱ ይለሰልስና ማያያዝ ያግዛል።

የስታርች ሙጫ ግን ውኃ ሲነካው ይፈታል፤ ይሻግታልም። ለሳህንና ለኩባያ ድክመት ነው። ድክመቱ ጥቅም የሚሆንበት ዕቃ አለ ወይ ብዬ ሳስብ አንድ ነገር ነው የሚታየኝ፦ የችግኝ ኩባያ።

አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየክረምቱ ችግኝ ይተከላል። ብዙው ችግኝ የሚያድገው በጥቁር ፕላስቲክ ነው። ሲተከል ፕላስቲኩ ተቀዶ ይጣላል፤ ተራራው ላይ የሚቀር አለ፣ ሳይቀደድ አብሮ የሚቀበርም አለ። ሳይቀደድ ከተቀበረ ሥሩ እዚያው ይጠማዘዛል። ከገለፈት የተጨመቀ ኩባያ ቢሆን አብሮ ይተከላል። ማንም ተመልሶ መሰብሰብ የለበትም። ሥራው የወራት ነው፤ ዕድሜውም የወራት። ምግብ አይነካም። ጥሬ ዕቃው ከጎን ነው፤ የፕላስቲኩ ጥሬ ዕቃ ግን በጅቡቲ በኩል በውጭ ምንዛሪ ነው የሚመጣው።

ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። ኩባያው ችግኝ ጣቢያ ውስጥ በየቀኑ ውኃ እየጠጣ ወራት መቆየት አለበት፤ ከተተከለ በኋላ ደግሞ ለሥሩ መንገድ መልቀቅ አለበት። ቶሎ ከፈረሰ አፈሩ ይበተናል፤ ከዘገየ ሥሩ ይታፈናል። ይህን የሚወስኑት የግድግዳው ውፍረትና የሙጫው መጠን ናቸው። ሌላም አለ። እንጨታማ ነገር ሲበሰብስ ተሕዋስያኑ ናይትሮጅን ከዙሪያው አፈር ይሻማሉ፤ ችግኙ ቢጫ ይሆናል። ስለዚህ ትንሽ ፍግ አብሮ መግባት አለበት። ትኩስ የቡና ገለፈት ውስጥ ያሉት ካፌይንና ታኒንም የዘር ብቅለትን ሊገቱ ይችላሉ። መፍትሔው ገለፈቱን አርጥቦ፣ እያገላበጡ ለወራት መከመር ነው።

ለመሞከር ትልቅ ላብራቶሪ አያስፈልግም። ኩባያዎቹ በሦስት የተለያየ ውፍረት ተሠርተው፣ ክብደታቸው ተመዝኖ ይጻፍ። ግማሾቹ ሐረር ጓሮ፣ ግማሾቹ ድሬ አሸዋማ መሬት ላይ ችግኝ ይያዙ። አጠገባቸው ያው ችግኝ በጥቁር ፕላስቲክ ይደግ። በየወሩ አንድ አንድ ኩባያ እየተነሳ ይድረቅ፣ ይመዘን፤ ሥሩ ግድግዳውን ማለፍ አለማለፉ ይታይ። የሐረር ውጤት ለድሬ አይሠራም፤ ሁለቱን ከተሞች የሚለያያቸው መንገድ አጭር ቢሆንም አየራቸውና አፈራቸው አንድ አይደለም። ምናልባትም ለድሬ ሳሳ ያለ፣ ለሐረር ወፈር ያለ ይስማማ ይሆናል፤ ምናልባትም በተቃራኒው።

ቡና የሚፈለፈለው ከለቀማው በኋላ በበጋው ነው። ገለፈቱ ደግሞ ለወራት መከመር አለበት። ስለዚህ በመጪው በጋ የሚከመረው ገለፈት የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ዓመት ችግኝ ነው። የችግኝ ጣቢያ ኃላፊዎችና የቡና መፈልፈያ ባለቤቶች መነጋገር ያለባቸው ገለፈቱ ለማገዶ ከመሸጡ በፊት ነው።